እድርተኛው ከመሞቱ በፊት

ባለፈው ወር በምሳ ሰዓት ከምግብ አዳራሹ በር ላይ አንድ ካርቶን ተቀምጦ አገኘን። በላዩ የተለጠፈው ወረቀት የአንድ ጓደኛችን አባት ኩላሊታቸውን እንደ ታመሙ፣ ቤተ ሰቡም በሬውንና ላሙን ሸጦ እንደ ጨረሰ ይናገራል። ያለው መቶ ብር፣ የሌለው ዐሥር ብር እየጣለ ገባ። ማታ ሲቈጠር ገንዘቡ ለጥቂት ቀን የኩላሊት እጥበት እንጂ ከዚያ ለሚያልፍ የሚበቃ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው በር ላይ ሌላ ካርቶን ቆመ፤ ይኸኛው ለሌላ ጓደኛችን እኅት ነበር።

የተማሪ ርኅራኄ የሚያኰራ ነገር ነው። ነገር ግን በሁለተኛው ካርቶን ፊት ቆመን የጠየቅነው ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀንም። ልጃቸው ዩኒቨርስቲ ባይገባ ኖሮ እኒያን አባት ማን ያስታውሳቸው ነበር? በዚያው ቀበሌ በዚያው በሽታ የተያዘ፣ ልጅ ያላስተማረ ሌላ ገበሬ የለም ወይ? ካለስ ካርቶኑን የሚያቆምለት ማን ነው?

ስለ ጤና አጠባበቅ ገንዘብ ሲነሣ ብዙዎቻችን ነገሩን ለሕክምና ተማሪዎችና ለኤኮኖሚክስ ክፍል እንተወዋለን። ዳሩ ግን ነገሩ እንደሚወራው የረቀቀ አይደለም። ማን ይከፍላል? መቼ ይከፍላል? የተከፈለውንስ ማን በምን ዕቅድ ያወጣዋል? ጥያቄው ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ባገራችን ሁኔታ እየመረመርን በመጨረሻ እኛን ራሳችንን ወደሚነካ ነገር ለመድረስ እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ባገራችን አቈጣጠር ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ባገራችን የጤና ወጪ ከሦስት ኪስ ይወጣል። አንደኛው የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው፤ ሁለተኛው የውጭ አገር ርዳታ ነው፤ ሦስተኛው የበሽተኛው የራሱ ኪስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የበጀት ዓመት ላይ የተሠራው የብሔራዊ ጤና ሒሳብ ጥናት እንዳሳየው ሦስቱ ሸክሙን በግምት እኩል ተካፍለውታል። መንግሥት ከመቶ 32 ያህል፣ የውጭ ርዳታ ከመቶ 34 ያህል፣ በሽተኛው ደግሞ በቀጥታ ከኪሱ ከመቶ 30 ያህል ከፍለዋል። ሁሉም ተደምሮ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ለዓመት 36 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር።

ከሦስቱ ኪሶች በጣም የሚጐዳው የመጨረሻው ነው። ምክንያቱም ሰውየው ክፍያ የሚጠየቀው መክፈል በማይችልበት ሰዓት ነው። ገበሬ አዝመራው ከገባ በኋላ ቀን መርጦ አይታመምም። ባብዛኛው ቈላማ አገራችን ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ጐተራው ባዶ በሆነበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። በሽታው ሲጠናበት ለዘር ያስቀመጠውን እህል ይሸጣል፤ ሲብስም በሬውን ይሸጣል። በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚመጣው ዓመት መሬቱን በእኩል ለሚያርስ ሰው ይሰጣል። እንዲህ እየሆነ አንድ ትኩሳት ያንድን ቤት ኑሮ ለብዙ ዓመት ይጥለዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዘገባ ከኪስ የሚከፈለው ገንዘብ ከጠቅላላው የጤና ወጪ ከመቶ 15 እስከ 20 ሲወርድ በሕክምና ዋጋ ምክንያት ወደ ድኽነት የሚወድቀው ቤተ ሰብ በጣም ጥቂት እንደሚሆን ገልጿል። የኛ ከዚህ ልክ ብዙ ያለፈ ነው። በዚያም ላይ ይህ ሒሳብ የሚቈጥረው የከፈሉትን ብቻ ነው፤ ዋጋውን ሰምቶ ከመንገድ የተመለሰውን አይቈጥርም።

እስካሁን የተሄደበት መንገድ

ዘመናዊ ሕክምና ባገራችን መሠረቱን የያዘው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ጓድ ከመጣ ወዲህ ነው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ከዚያ ወዲያ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ሆስፒታል የሚሠራው በትልልቅ ከተሞች ነበር። ገጠሩ በመንግሥት ዓይን ውስጥ የገባው ወረርሽኝ ሲያስገድድ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ የተነሣው ወባ ብዙ ሺሕ ሰው ፈጀ፤ በ1947 ዓ.ም. የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ዓላማውም ጤና መኰንን፣ የሕዝብ ጤና ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ በጓድ በጓድ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መላክ ነበር። ይህ በዘመኑ ለአፍሪቃ አዲስ የሆነ ዕቅድ ነበር። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ሁለተኛው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል።

በዚያው ዘመን ገደማ ከመሬት ግብር ጋር የተያያዘ የጤና ግብር ተጣለ። ግብሩን ባላገሩ ይከፍላል፤ ሐኪሙና አልጋው ግን በብዛት የሚገኘው በከተማ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከአብዮቱ በኋላ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ በአልማ አታ የተሰበሰቡት መንግሥታት የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅን መመሪያቸው አደረጉ፤ ያገራችንም መንግሥት ተቀበለው። ነገር ግን ጦርነቱ በጀቱን ይበላ ስለ ነበር መመሪያውና ገንዘቡ አልተገናኙም። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በ1986 ዓ.ም. አዲስ የጤና ፖሊሲ ወጣ። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ የጤና አገልግሎት ገንዘብ አሰባሰብን የሚመለከት ስትራቴጂ ጸደቀ። ከዚያ በፊት በሽተኛው ለካርድና ለመድኃኒት የሚከፍለው ገንዘብ በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። ጤና ጣቢያው አምፑል ሲቃጠልበት እንኳ ከሰበሰበው ገንዘብ አውጥቶ መግዛት አይችልም ነበር።

አዲሱ ስትራቴጂ ሦስት ቁም ነገሮችን አመጣ። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገንዘብ እዚያው አስቀርተው በቦርድ ውሳኔ ለመድኃኒትና ለጥገና እንዲያውሉት ፈቀደ፤ ድኻው ከቀበሌ እየተመሰከረለት በነፃ እንዲታከም አደረገ፤ እንደ ክትባት፣ እንደ ወሊድና እንደ ሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ያሉት ደግሞ ለማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ወሰነ። ክልሎች በየጊዜው ሕግ እያወጡ ሥራ ላይ አዋሉት። ብዙ ጤና ጣቢያ በዚህ ተጠቅሟል። ነገር ግን በሽተኛው ታሞ ሳለ መክፈሉ አልቀረም። ደግሞም ቤቱ የሚሻሻለው ከበሽተኛው በሚሰበሰበው ገንዘብ ከሆነ ብዙ የሚከፍል ሕዝብ ያለበት ከተማ እያማረ፣ የድኾች ወረዳ እየደኸየ መሄዱ አይቀርም።

የእድር ብልኀት

ከዚህ ችግር መውጫው ጥበብ ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ በየሰፈራችን አለ። እድር ምንድን ነው? ሰው ሳይሞትበት በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያዋጣል። ሞት በመጣበት ቀን ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ገንዘቡም ሰዉም ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ሠላሳ ዓመት ከፍሎ አንድም ቀን ያልሞተበት እድርተኛ ተበላሁ ብሎ አይከስም፤ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። የጤና መድን የሚባለው ነገር ከዚህ አይለይም። ጤነኛው ለበሽተኛው፣ ጐልማሳው ለሽማግሌው ይከፍላል፤ ተራው ሲደርስ ይከፈልለታል።

መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ይህንን አሳብ ይዞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተባለውን ሥራ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ደመወዝተኛ ያልሆነ ቤተ ሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ደብተር ያወጣል። ደብተሩን ይዞ በጤና ጣቢያና በማስተላለፊያ ወረቀት በሆስፒታል ሳይከፍል ይታከማል። ለመዋጮው ፌዴራል መንግሥት ድጎማ ይጨምርበታል። መክፈል ለማይችሉት ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። ሙከራው ስለ ተሳካ ሥራው ወደ ብዙ መቶ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። በሙከራው ወረዳዎች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አባላቱ ከበፊቱ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ አዘውትረው መሄድ ጀምረዋል። ከመንገድ ይመለስ የነበረው ሰው ገባ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀዳዳዎቹ

እንግዲህ የተመሰገነውን ካመሰገንን ዘንድ ቀዳዳውንም እንናገር።

አንደኛ፤ እድር የሚጸናው ሞት ማንንም ስለማይምር ነው። ሁሉም ሟች መሆኑን ስለሚያውቅ ሁሉም ይገባል። በሽታ ግን እንዲህ አይደለም። ጤነኛው ወጣት «እኔ አልታመምም» እያለ ይቀራል፤ አስም ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ ሚስቱ የምትታመምበት ሰው ቀድሞ ይመዘገባል። መዋጮው በውዴታ ብቻ የተተወ እንደ ሆነ ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ያነሰ፣ የሚወጣው የበዛ ይሆናል። ሣጥኑ ሲጐድል መዋጮው ይጨመራል፤ መዋጮው ሲጨመር ጤነኛው ይበልጡን ይሸሻል።

ሁለተኛ፤ ሣጥኑ ጠባብ ነው። ሥራው ሲጀመር ሣጥኑ የወረዳ ነበር። ወረዳውን ድርቅ ቢመታው መዋጮ የሚከፍለው ሰው ይቀንሳል፤ የሚታመመው ሰው ይጨምራል፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት ይመጣሉ። ጥቂት የካንሰርና የኩላሊት በሽተኞች ወደ ትልቅ ሆስፒታል ቢላኩ ያንድ ወረዳ ሣጥን ይናጋል። ዝናብ ያልጣለበት ወረዳ ዝናብ በጣለበት ወረዳ ካልተደገፈ መድን መባሉ በስም ብቻ ይቀራል።

ሦስተኛ፤ መዋጮው ያንዱ ከሌላው እንዳይለይ ሆኖ ነው የተጀመረው። ባንድ ጥማድ በሬ የሚያድረውና የወፍጮ ባለቤቱ እኩል ይከፍላሉ። እኩል መክፈል ፍትሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ያው ገንዘብ ለአንዱ የሻይ ዋጋ ሲሆን ለሌላው የልጁ ደብተርና ጫማ ነው።

አራተኛ፤ ደብተር መድኃኒት አይደለም። ገበሬው መዋጮውን ከፍሎ፣ ሦስት ሰዓት በእግሩ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ተመርምሮ በመጨረሻ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ከውጭ ማለት ከግል መድኃኒት ቤት ከኪሱ ማለት ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ እንዲህ ከሆነበት በሚመጣው ዓመት ደብተሩን አያሳድስም፤ ለጐረቤቱም ይነግራል። ይህን ሰው «ስለ መድን ግንዛቤ የለውም» ማለት ስድብ ነው። እሱ በደንብ ገብቶታል።

አምስተኛው ቀዳዳ የኛ ነው፤ ለመጨረሻው እናቆየዋለን።

ከሌሎች አገሮች የምናገኘው ትምህርት

ታይላንድ እንደኛው በውዴታ የሚገዛ የጤና ካርድ ነበራት። ቤተ ሰቡ በዓመት 500 ባት ይከፍላል፤ መንግሥት ይጨምርበታል። ከላይ እንዳልነው ካርዱን የሚፈልገው ይበልጡን የታመመው ሰው ሆነና ሣጥኑ አልጸና አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 አገሪቱ ያንን ትታ ሌላ መድን ያልነበረው ሕዝብ ሁሉ ለአንድ ሕክምና 30 ባት ብቻ እየከፈለ እንዲታከም፣ የቀረው ወጪ ከጠቅላላው ግብር እንዲሸፈን አደረገች። ለሆስፒታሎችም በተመዘገበላቸው ሰው ቍጥር ልክ ይከፈላቸው ጀመር። ይህ የሆነላት ግን ቀደም ብላ ለብዙ ዓመታት በየገጠሩ ወረዳ ሆስፒታል ስለ ሠራችና ወጣት ሐኪሞችን ወደ ገጠር ስለ ላከች ነው። ካርዱ ሲመጣ ካርዱን የሚቀበል ቤት ቆሞ ነበር።

ርዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስት አውራጃዎች የጀመረችውን የጋራ መድን በ2008 በሕግ ግዴታ አደረገችው። በ2011 ደግሞ መዋጮውን እንደ ሀብቱ መጠን ከፋፈለችው፤ የመጨረሻዎቹ ድኾች መዋጮ በመንግሥትና በርዳታ ሰጪዎች ይከፈላል።

የእንግሊዝ ትምህርት ከዕቅድ ወገን ነው። ከጁላይ 5 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቡ በግብር እየከፈለ በነፃ የሚታከምበት የጤና አገልግሎት ተቋቋመ። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በጀቱ የሚሄደው ሆስፒታል በብዛት ወደ ነበረበት ነበር። ለንደንና አካባቢዋ ብዙ፣ ሰሜኑ የኢንዱስትሪ አገር ጥቂት ያገኙ ነበር። ሁሉም ነገር በነፃ ቢሆንም ያልተሠራ ሆስፒታል በነፃ አይታከሙበትም። እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ የመንግሥት ኮሚቴ በሕዝቡ ብዛት፣ በዕድሜውና በሟቹ ቍጥር ላይ የተመሠረተ የማከፋፈያ ቀመር አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ ቀስ በቀስ ከሕንፃው ወደ በሽታው መዞር ጀመረ።

ገንዘብ ያለ ዕቅድ፣ ዕቅድ ያለ ገንዘብ

ባገራችን ዕቅድ አልጐደለም። አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው፣ አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ሰው እንዲሆን ተወስኗል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመድበዋል፤ ይህ በዓለም የተመሰገነ ሥራ ነው። ነገር ግን ሕንፃ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ደመወዝ በየወሩ፣ መድኃኒት በየቀኑ ይፈለጋል። ሪባን ለመቍረጥ ባለሥልጣን አይጠፋም፤ ለሚቀጥለው ዓመት የጓንትና የነዳጅ በጀት ግን የሚቈረጥ ሪባን የለም። በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው ጥያቄ አንሥተው በብዙ ቦታ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ይህንኑ የሚነግረን ነው። ሐኪሙን ያላስተዳደረ ዕቅድ ሕንፃውን ያለ ሐኪም ያስቀረዋል።

ሁለተኛው የዕቅድ ችግር ከውጭ ርዳታ ጋር ይመጣል። ርዳታ ሰጪ ሁሉ የሚወደው በሽታ አለው። አንዱ ለኤድስ፣ አንዱ ለወባ፣ አንዱ ለክትባት ይሰጣል። እያንዳንዱም የራሱ ሪፖርት፣ የራሱ ሒሳብ፣ የራሱ መኪና ይኖረዋል። ባንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ያለው ባለሙያ የበሽተኛ ካርድ ከሚያይበት ጊዜ ይልቅ ቅጽ የሚሞላበት ጊዜ ይበልጣል። ጤና ሚኒስቴር ይህንን አይቶ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚል መርሕ አወጣ፤ ርዳታ ሰጪዎች ገንዘባቸውን በአንድ ላይ የሚያስቀምጡበትንም ሣጥን ከፈተ። ጥቂቶቹ ገቡ፤ ትልልቆቹ ግን ብዙውን ገንዘባቸውን በራሳቸው መንገድ ማውጣታቸውን ቀጠሉ።

የዚህ ነገር ዋጋ በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ታየ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባንድ ቀን ትእዛዝ ሲያግድ በዚያው ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። ለዚህ የዋሺንግተንን ፖለቲካ መውቀስ ይቻላል። ዳሩ ግን የራሳችንን ሕዝብ የኤድስና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በሌላ አገር ምርጫ ላይ የጣልነው እኛ ነን። የጐረቤት ድስት ላይ ዓይኑን የጣለ ራቱን በሰዓቱ አይበላም። የአፍሪቃ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በአቡጃ ተሰብስበው ከበጀታቸው ከመቶ 15 ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር። አገራችን እስከ ዛሬ ከዚያ ልክ አልደረሰችም።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ የምናወጣው አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው።

መዋጮ ከመሰብሰብ በፊት መድኃኒት ቤቱ ይሙላ። ጥቂት የታወቁ መድኃኒቶች ተለይተው በየጤና ጣቢያው ዓመቱን ሙሉ እንዳይጠፉ ይደረግ። ከጠፉም አባሉ ከውጭ የገዛበት ገንዘብ ከሣጥኑ ይመለስለት። እንዲህ ከሆነ ለመድኃኒቱ መጥፋት የሚጨነቀው በሽተኛው ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ይሆናል።

የወረዳ ሣጥኖች ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ አገር አቀፍ ሣጥን ይያያዙ። መዋጮው እንደ ሀብቱ ይሁን፤ የድኻው ድርሻ ከግብር ይከፈል። ግብር ስንል የባላገሩን የመሬት ግብር ማለታችን አይደለም፤ ያ ከ60 ዓመት በፊት ተሞክሯል። ለጤና በሚጐዳው በትንባሆና በመጠጥ ላይ ከሚሰበሰበው ቀረጥ የተወሰነው ለዚሁ ቢውል የሚቃወም ብዙ ሰው የለም።

በጀት የሚከፋፈለው በሕንፃ ብዛት ሳይሆን በሕዝቡ ቍጥር፣ በሚሞቱት ሕፃናትና እናቶች ቍጥር፣ በመንገዱም ርቀት ይሁን። ለቆላው አርብቶ አደር አንድ ነርስ ለመላክ የሚወጣው ገንዘብ ለደጋ ከተማ ከሚወጣው ይበልጣል፤ ቀመሩም ይህንን ይወቅ።

ሒሳቡም ይነበብ። እድር በዓመት አንድ ቀን አባላቱን ሰብስቦ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ ይላል። ዳኛው ቢዋሽ እድርተኛው ያውቃል። የጤና መድን ሣጥን ሒሳብ በየጤና ጣቢያው በር ላይ በትልቅ ፊደል ቢለጠፍ ከብዙ ሴሚናር ይልቅ ሰውን ያሳምናል።

የኛ ድርሻ

አሁን ወዳቆየነው ወደ አምስተኛው ቀዳዳ እንምጣ። በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቍጥር 690 ወጣ። አዋጁ የሚመለከተው ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን ነው። የታሰበውም ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 3፣ አሠሪውም እንዲሁ ከመቶ 3 እንዲያዋጡ ነበር። ለገበሬው የታሰበው መድን በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ጀመረ፤ የደመወዝተኛው ግን ለረጅም ዓመታት በተደጋጋሚ እየተላለፈ ቆየ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሠራተኛው መቃወሙ ነው። በደንብ እንዲታይ ነገሩን ገልጠን እንበለው። ገበሬው ከጐተራው እያወጣ ለበሽተኛው ጐረቤቱ ሲከፍል የተማረው ሰው እምቢ አለ።

ተቃውሞው መልስ የሚገባው ነው። ደመወዙ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አልተመጣጠነም፤ ግብርና የጡረታ መዋጮ ይቈረጥበታል፤ ተቈርጦበትም ሲሄድ መድኃኒቱን አያገኝም። 10,000 ብር ለሚከፈለው ሰው በወር 300 ብር ለቤቱ ዘይት ነው። ይህንን የሚክድ ሰው በወር ደመወዝ ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ ነው መድኃኒት ቤቱ ቀድሞ ይሙላ ያልነው። ነገር ግን ተቃውሞው እውነት ቢሆንም መደምደሚያው ስሕተት ነው። ለመድኃኒቱ መጥፋት አንዱ ምክንያት ድምፅ ያለው ሰው በዚያ ሰልፍ አለመቆሙ ነው። የመሥሪያ ቤት ሰው ሲታመም ወይ መሥሪያ ቤቱ ይከፍልለታል፣ ወይ ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል፣ ወይ የሚያውቀው ሐኪም አለው። የገበሬው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲያጣ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ፣ በስብሰባ የሚጠይቅ፣ ሒሳብ አንብቦ «ይህ አይገጥምም» የሚል ሰው ከዚያ ሰልፍ ጠፍቷል። የድኻ ብቻ የሆነ አገልግሎት መጨረሻው ድኻ አገልግሎት ነው።

ደግሞም ከላይ ስለ ጤና ግብር በልብ ያዙልን ያልነውን እናስታውስ። ያኔ ባላገሩ ከፍሎ ከተሜው ታከመ። ዛሬም የሕክምና ትምህርታችን፣ ዶርሚተራችን፣ ምሳችን ሳይቀር በዚያው ባላገር ግብር የቆመ ነው። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ አብዛኞቻችን ደመወዝተኛ እንሆናለን። ያን ጊዜ ፎርሙ ጠረጴዛችን ላይ ሲመጣ ከመቶ 3 ያለ ሁኔታ እንፈርማለን አንልም። መድኃኒቱ ይኑር፣ ሒሳቡ ይነበብ፣ ሣጥኑም የኛ ከገበሬው ጋር ይያያዝ ብለን ጠይቀን እንፈርማለን። «የኛ ሣጥን ለብቻችን» ካልን ግን የከተማ እድር አቁመን ባላገሩን ከድንኳኑ ውጭ ማስቀረታችን ነው።

ይህን ጽሑፍ ስንጨርስ የመጀመሪያው ካርቶን ከአዳራሹ በር ተነሥቷል። ጓደኛችን ክፍል ተመልሷል፤ ጠጕሩን ተላጭቷል። እኛም የሰፈር ልጆች ሆነን ለቀብር መሄጃ እንደ ገና አዋጣን፤ የአገሩ እድርም ደንቡን አላጐደለም፣ ድንኳኑ በሰዓቱ ተተክሎ ነበር። እድርተኛው ሲሞት ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ከመሞቱ በፊት ምን እንደምናደርግ ግን ገና አልወሰንንም።